መኪናው ረከሰ እንጂ ዕቃው አልረከሰም፦ ያረጀ ፖርሽ ቦክስተር ለሚይዙ የወጪ መመሪያ

በአሜሪካ ያገለገሉ መኪናዎች ገበያ ላይ ከ1997 እስከ 2004 የተሠራ ፖርሽ ቦክስተር ዛሬ እንደ ይዞታው ከ7,000 እስከ 15,000 ዶላር ይጠየቅበታል። ይህ ለደህና ያገለገለ ኮሮላ ከሚከፈለው እምብዛም አይበልጥም። ጣሪያው የሚከፈት፣ ሞተሩ ከመቀመጫው ጀርባ የተቀመጠ ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና በዚህ ዋጋ ሲገኝ ልብ ቢያማልል አይደንቅም።

ይኸው መኪና በ1997 አዲስ ሲሸጥ ግን የመነሻ ዋጋው 40,000 ዶላር ገደማ ነበር። ከዚያ ወዲህ የረከሰው መኪናው ብቻ ነው። መለዋወጫው አሁንም የውድ መኪና መለዋወጫ ነው፤ የመካኒኩ የሰዓት ክፍያማ ጭራሽ ጨምሯል። ብዙ ገዢ የሚከስረው የመግዣውን ዋጋ የመኪናው ሙሉ ዋጋ አድርጎ ስለሚያስብ ነው። እንደ ቅድመ ክፍያ ቢያየው ይሻለዋል፤ ቀሪውን በየዓመቱ ለጋራዥ ይከፍላል።

ይህ መመሪያ በዋሽንግተን አካባቢም ሆነ በሌላ የአሜሪካ ከተማ ለሚኖርና ሂሳቡን አስቀድሞ አውቆ መግባት ለሚፈልግ አንባቢ የተዘጋጀ ነው። የዶላር አኃዞቹ ከዲለር ውጭ ያሉ የፖርሽ ጋራዦች በሚጠይቁት ላይ የተመሠረቱ ግምቶች ናቸው፤ እንደየከተማው ከፍና ዝቅ ይላሉ። ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. የሚያዩት መኪና የትኛው እንደሆነ ይለዩ

የመጀመሪያው ትውልድ ቦክስተር በመለያ ቁጥሩ 986 ይባላል። ከ1997 እስከ 1999 ያለው ባለ 2.5 ሊትር ሞተር ነው። ከ2000 ጀምሮ መደበኛው ወደ 2.7 ሊትር አደገ፤ ባለ 3.2 ሊትሩ ቦክስተር ኤስም ተጨመረ። እስከ 2002 ድረስ የጣሪያው የኋላ መስኮት ፕላስቲክ ነው፤ ከ2003 ወዲህ መስታወት ሆኗል። በ2005 ተተኪው 987 መጣ።

ልዩነቱ በቀጥታ ኪስዎን ይነካል። ኤስ ፍሬኑ ትልቅ፣ ካምቢዮው ባለ ስድስት ማርሽ ስለሆነ ዕቃው ከመደበኛው ይወደዳል። ፕላስቲክ መስኮት ያለው ደግሞ በብርድ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። በአውቶማቲኩ የፍሪሲዮን ወጪ ባይኖርም፣ በክፍል 4 የምናነሳውን ኩሽኔታ ለመለወጥ የእሱም ካምቢዮ መውረዱ አይቀርም።

ማይል አይቶ ብቻ መፍረድም አይበጅም። ያለማቋረጥ ሲነዳ የኖረና ደረሰኙ የተሟላ ባለ 90,000 ማይል መኪና፣ ጋራዥ ውስጥ ቆሞ ካረጀ ባለ 30,000 ማይል መኪና ብዙ ጊዜ ይሻላል። ላስቲክ፣ ፕላስቲክና የዘይት ማሸጊያ መኪናው ባይንቀሳቀስም ይደርቃሉ።

2. ለመኪናው ከመክፈልዎ በፊት ለምርመራው ይክፈሉ

ከ200 እስከ 400 ዶላር የሚፈጅ የቅድመ ግዢ ምርመራ ከዚህ ሁሉ ወጪ ርካሹ ነው። ምርመራውን የሚያደርገው ጋራዥ ፖርሽ የለመደ ይሁን። ቶዮታ አሳምሮ የሚሠራ ወዳጅ ቢኖርዎትም፣ የዚህ መኪና ሞተር ኮፈን ከፍተው የሚያዩት አይደለም። ከፊትም ከኋላም ያለው የዕቃ መጫኛ ነው፤ ሞተሩ የሚገኘው ጣሪያውን በከፊል አንስቶ ከላይ፣ ወይም መኪናውን ሰቅሎ ከሥር ነው።

መርማሪውም እርስዎም እነዚህን ይመልከቱ፦

• ሻጩ ሞተሩን አስቀድሞ እንዳያሞቀው ይጠይቁ። ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ትንሽ ጭስ ቢወጣ አያስደንግጥ፤ ሲሊንደሮቹ ጎንና ጎን የተኙ ስለሆኑ ዘይት ውስጣቸው ይተኛል። ነጭ ጭስ እንደ ደመና ተንሰራፍቶ ካልቆመ ግን፣ የዘይቱን ጭጋግ ከአየር የሚለየው ዕቃ ተቀዷል ማለት ነው።
• የመኪናው ኮምፒዩተር የብልሽት ኮዶችንና ሞተሩ ከልኩ በላይ የተሽከረከረበትን መዝገብ ይይዛል። ሁለቱም ይነበቡ።
• ጣሪያው ሙሉ በሙሉ ይከፈት፣ ይዘጋም። አንድ ጎኑ ከቀደመ ወይም ከተንጠለጠለ ማንሻው ተሰብሯል።
• የመቀመጫውን ሥርና የኋላውን የዕቃ መጫኛ ምንጣፍ በእጅዎ ይዳስሱ። እርጥብ ከሆነ ምንጩ ሳይታወቅ ዋጋ አይደራደሩ።
• በጎማው ጎን ላይ ያለውን የዶት ቁጥር ያንብቡ። የመጨረሻዎቹ አራት አኃዞች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2318 ማለት የ2018 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ስድስት ዓመት ያለፈውን ጎማ በወጪ መዝገብዎ ላይ ያስፍሩት።
• ባለ 17 ፊደልና ቁጥሩን የሻንሲ መለያ የፌዴራሉ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብተው ያልተሠራ ሪኮል እንዳለ ያረጋግጡ፤ በነፃ ነው።

ደረሰኝ የሌለው ሥራ እንዳልተሠራ ይቆጠር። «ባለፈው ዓመት አሠርቼዋለሁ» የሚል ሻጭ ወረቀቱን ያሳይ፤ ካላሳየ የዚያን ሥራ ዋጋ ከሚጠይቀው ላይ ይቀንሱ።

3. በመጀመሪያው ወር ሁሉንም ከዜሮ ያስጀምሩ

መኪናውን በገዙበት ቀን ቢያንስ 3,000 ዶላር በሌላ ሂሳብ ያስቀምጡ። ያ ገንዘብ ከሌለዎት መኪናው ገና ከአቅምዎ በላይ ነው። መጀመሪያ የሚሠራው ያለፈው ባለቤት የሠራ ያልሠራውን መገመት ቀርቶ ዕድሜያቸው የሚቆጠር ዕቃዎችን በአንድ ላይ ማደስ ነው፦ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ውሃ፣ የካምቢዮ ዘይት፣ ቺንጊያ፣ ካንዴላ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ካስፈለገም ባትሪ።

ሞተሩ ከ8 ሊትር በላይ ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ይጠጣል። ዘይት ለዋጭ ቤቶች በማስታወቂያ የሚለጥፉት ዋጋ ለአምስት ሊትር የታሰበ ስለሆነ እዚህ አይሠራም፤ ከ150 እስከ 250 ዶላር ይያዙ። ቀኑን፣ ማይሉንና የተለወጠውን ዕቃ በደብተር ላይ ይጻፉ። ከዚያ በኋላ የሚበላሸው ነገር ሁሉ የሚታወቅ ዕድሜ ይኖረዋል።

4. የኩሽኔታውን ጉዳይ አስቀድመው ይወስኑ

ስለዚህ መኪና ከሚነገሩት ፍርሃቶች ሁሉ ትልቁ ኢንተርሚዲየት ሻፍት የሚባለው ዘንግ ነው። ዘንጉ ከኮሎው የተቀበለውን ኃይል በካቴና አማካይነት ቫልቮላዎቹን ወደሚያንቀሳቅሱት ካምሻፍቶች ያደርሳል። በካምቢዮው በኩል ያለው ጫፉ በአንድ የኳስ ኩሽኔታ ላይ ይሽከረከራል። ኩሽኔታው ከፋብሪካ ሲወጣ በግራሶ ተሞልቶ የታሸገ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ማሸጊያው ይደክማል፤ የሞተር ዘይት ሰርጎ ግራሶውን ያጥበውና አሮጌ ዘይት ውስጡ ተኝቶ ይቀራል። ኩሽኔታው በመጨረሻ ሲፈርስ የካቴናው ልክ ይዛባል፣ ቫልቮላ ከፒስተን ይላተማል፣ ሞተሩም ያበቃለታል።

መጀመሪያ የተሠሩት ሞተሮች ባለ ሁለት ረድፍ ኩሽኔታ ነበራቸው። ከ2000 ወይም ከ2001 ገደማ ጀምሮ በባለ አንድ ረድፍ ተተካ፤ እስከ 2005 የዘለቀውና ይበልጥ የሚበላሸው ይህኛው ነው። በአሜሪካ ባለንብረቶች ያቀረቡት የጋራ ክስ በ2013 በስምምነት ቢቋጭም ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ ስላለፈ ዛሬ ወጪው የእርስዎ ነው። አብዛኞቹ ሞተሮች በዚህ ምክንያት አልሞቱም። ይሁንና ዕጣው ካልወጣልዎ የሚከፍሉት ቀላል አይደለም፦ ያገለገለ ሞተር አስገጥሞ ከ5,000 እስከ 10,000 ዶላር፣ በሙሉ የታደሰ ሞተር ደግሞ ከ15,000 በላይ፤ ማለትም መኪናው ራሱ ከሚያወጣው የበለጠ።

ኩሽኔታውን ለመለወጥ ሞተሩ መፈታት የለበትም፤ ካምቢዮው፣ ፍሪሲዮኑና ቮላኖው ይወርዱና በቀዳዳው በኩል ይሠራል። ፍሪሲዮንንና በዚያው ያለውን የኮሎ ፓራኦሊ ጨምሮ ከ3,000 እስከ 4,500 ዶላር ይፈጃል። ፍሪሲዮኑ ሊያልቅ የተቃረበ መኪና ከገዙ ሳያመነቱ አብረው ያሠሩት። ፍሪሲዮኑ አዲስ ከሆነና ኩሽኔታው ከፋብሪካ የመጣው ከሆነ ግን፣ ሻጩ ያንን ሥራ ሲያሠራ ለምን ኩሽኔታውን እንደተወው ይጠይቁ።

እስከዚያው ዘይት በተለወጠ ቁጥር የወጣውን ፊልትሮ እንዳይጥሉት ለመካኒኩ ይንገሩ። ፊልትሮው በፕላስቲክ ቆብ ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ነው። እጥፋቶቹን አንድ በአንድ ገልጠው በደማቅ ብርሃን ያዩዋቸው፤ ቆቡ ውስጥ በቀረው ዘይት ማግኔት ያንሸራትቱ። ማግኔት ላይ የሚለጠፍ የብረት ፍርፋሪ የኩሽኔታ ምልክት ሊሆን ስለሚችል መኪናው በዚያው ይቁም። ቡናማ የፕላስቲክ ስባሪ ካቴናውን ከሚወጥሩት መደገፊያዎች የተቆረሰ ነው፤ ይመዝገብ፣ በሚቀጥለው ጊዜም ይነጻጸር። ፊልትሮው ንጹሕ ከሆነ ሞተሩ ለጊዜው ደህና ሳይሆን አይቀርም።

ዘይቱን በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በየ5,000 ማይሉ፣ ከሁለቱ በቀደመው ይለውጡ። ሳምንቱን ቆሞ እሁድ ለአምስት ደቂቃ ብቻ የሚነሳ ሞተር ዘይቱ ውስጥ የገባውን እርጥበት ለማትነን አይበቃውም። ሲያወጡት ዘይቱ በደንብ እስኪሞቅ፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱት።

5. ሥራን ከሥራ ጋር ያዳብሉ

በዚህ መኪና ደረሰኝ ላይ ብዙውን ጊዜ ከዕቃው ይልቅ የእጅ ዋጋው ይበልጣል። የጋራዥ ሰዓት ከ150 እስከ 200 ዶላር ነው፤ ዲለር ዘንድ ከዚያም ያልፋል። አንድን ሃያ ዶላር የሚያወጣ ላስቲክ ለመድረስ አራት ሰዓት የሚፈታ ከሆነ ላስቲኩ ስምንት መቶ ዶላር አወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ጥያቄዎ ሁልጊዜ አንድ ይሁን፦ «ይህን ስትፈቱ አብሮ የሚገኘው ምንድን ነው?»

ካምቢዮ ሲወርድ፦ ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ የኮሎ ፓራኦሊ፣ የቮላኖ ምርመራ። የውሃ ፓምፕ ሲለወጥ፦ ቴርሞስታት፣ ቺንጊያ፣ የራዲያተር ውሃ። ጎማ ሲወጣ፦ የፍሬን ሸራና ዲስክ፣ የእግሩ መጋጠሚያ ላስቲኮች። ካንዴላ ሲለወጥ፦ የኮይሎቹ አካል መሰንጠቁን ማየት። በሌላ በኩል አብሮ የማይገኝን ሥራ «እግረ መንገዳችንን» ብሎ የሚጨምር ጋራዥ ካጋጠመዎት ለብቻው ዋጋ እንዲያወጣለት ይጠይቁ።

6. ውሃ የሚገባበትንና የሚወጣበትን ይጠብቁ

ከሞተሩ ቀጥሎ ይህን መኪና የሚገድለው ውሃ ነው። ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ በግራና በቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች በኩል ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ወደ መሬት ይፈሳል። መኪናው ዛፍ ሥር ከቆመ ቅጠሉና አፈሩ ቀዳዳዎቹን ይደፍናሉ፤ ውሃው መውጫ ሲያጣ ወደ መቀመጫው ይዞራል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር ደግሞ ቁልፍ የሚያውቀውና ሞተር እንዲነሳ የሚፈቅደው የኤሌክትሮኒክስ ሣጥን ተቀምጧል። እርሱ ከራሰ መኪናው አይነሳም፤ አዲሱን ከቁልፍዎ ጋር ማስተዋወቅ ደግሞ ልዩ ኮምፒዩተር የሚጠይቅ የብዙ መቶ ዶላር ሥራ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ቅጠል ሲረግፍ፣ ጣሪያውን በከፊል ከፍተው ቀዳዳዎቹን በለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ይጥረጉና ግማሽ ጣሳ ውሃ አፍስሰው ከሥር መውጣቱን ይዩ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የፊቱም እንደዚያው ነው። ራዲያተሮቹ ከፓራውልቱ ግራና ቀኝ ባሉት አፎች ውስጥ ናቸው። ቅጠል በራዲያተሩና በአየር ማቀዝቀዣው መካከል ተከማችቶ ይበሰብሳል፤ እርጥበቱም አሉሚኒየሙን ይበሳዋል። በየሁለት ዓመቱ ፓራውልቱን አስወርዶ ማስጠረግ የአንድ ሁለት ሰዓት ሥራ ነው።

በኋላው የዕቃ መጫኛ ጥግ ያለው የራዲያተር ውሃ ማጠራቀሚያ ፕላስቲክ ስለሆነ ዕድሜ ይሰነጥቀዋል። ምልክቱ የሚጣፍጥ ሽታና እርጥብ ምንጣፍ ነው፤ ለመለወጥ ከ600 እስከ 1,000 ዶላር ይጠይቃል። ሞተሩ ትኩስ እያለ ክዳኑን ፈጽሞ አይክፈቱ።

7. መለዋወጫ ሲገዙ ስሙን ሳይሆን ሠሪውን ይፈልጉ

ፖርሽ ፊልትሮና ካንዴላ አይሠራም፤ ያሠራል። የማህሌ ወይም የማን ፊልትሮ፣ የቦሽ ካንዴላ በሠሪው ሣጥን ሲገዙ የፖርሽ ስም ካለበት ይረክሳል። የቁልፍ ማስነሻው የኤሌክትሪክ ክፍል በኦዲም ላይ ያለ ስለሆነ በዚያው በኩል በጥቂት ዶላር ይገኛል። የመስኮት ማንሻና የጣሪያ ሞተር ከፈረሱ መኪናዎች ቢገዙም አይከፉም። በተቃራኒው ኩሽኔታ፣ የውሃ ፓምፕ፣ የፍሬን ዕቃና ማንኛውም ላስቲክ ያገለገለ አይግዙ፤ ሲበላሹ ከራሳቸው ዋጋ በላይ ይዘው ይሄዳሉ።

8. በእጅዎ የሚሠሩትንና የማይሠሩትን ይለዩ

መሣሪያና ትዕግሥት ላለው ሰው ዘይትና ፊልትሮ፣ የአየር ፊልትሮ፣ ባትሪ፣ የጣሪያ ቀዳዳ ጽዳት፣ የኮድ ማንበቢያ መሰካት የቤት ሥራ ናቸው። ከ1996 ወዲህ በአሜሪካ የተሸጠ መኪና ሁሉ ከመሪው ሥር የኦቢዲ መሰኪያ ስላለው፣ ሃምሳ ዶላር የማይሞላ ማንበቢያ ብዙ የጋራዥ ጉዞ ያስቀራል። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ሥር ግን አይግቡ፤ መደገፊያ ይግዙ።

የጣሪያው ማንሻ ጫፍ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ኩባያ ስትሰበር ወዲያው ማቆም ያስፈልጋል። ርካሽ ዕቃ ናት፤ አንዱ ጎን ብቻ እየሠራ ማብሪያውን ደጋግመው ከተጫኑ ግን የጣሪያው አጽም ይጣመማል፤ ያ ደግሞ ብዙ ዶላር ይፈጃል። ካምቢዮ፣ ካቴናና ኤርባግ ለባለሙያው ይተዉ።

9. ጎማ፣ ኢንሹራንስና ግብር

ፖርሽ የሚያጸድቃቸው ጎማዎች ጎናቸው ላይ ኤን ፊደልና ቁጥር አለባቸው። የፊትና የኋላው መጠን ስለሚለያይ ማዟዟር አይቻልም፤ የኋለኞቹ ቀድመው ያልቃሉ። ለአራቱ ከ900 እስከ 1,400 ዶላር ይያዙ። የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ።

ኢንሹራንስ ሲገቡ ኩባንያው ጉዳት ቢደርስ በገበያ ዋጋ ወይስ አስቀድሞ በተስማማችሁበት ዋጋ እንደሚከፍል ይጠይቁ። 9,000 ዶላር የሚገመት መኪና መብራቱና ፓራውልቱ ቢሰበር ብቻ «ከጥገናው ዋጋው ያንሳል» ተብሎ ሊሰረዝ ይችላል። ስምምነት ያለበት የቆየ መኪና ፖሊሲ ብዙ ጊዜ ይረክሳል፤ ሌላ የዘወትር መኪና እንዲኖርዎትና ማይሉ እንዲገደብ ግን ይጠይቃል። በቨርጂኒያ የሚኖሩ ከሆነ ካውንቲው በየዓመቱ የሚሰበስበው የመኪና ግብር የሚሰላው በመኪናው ዋጋ ነው፤ የዚህ መኪና ርካሽነት በእውነት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እዚያው ቨርጂኒያ 25 ዓመት የሞላው መኪና የአንቲክ ሰሌዳ ሊያገኝ ይችላል፤ ለዕለት ሥራ መመላለሻ ግን አይፈቀድም።

10. ሂሳቡን በዓመት ያስሉ፣ የወጪ ጣሪያዎንም ይወስኑ

ትልልቆቹን ወጪዎች በሚቆዩበት ዓመት ሲያካፍሉ ስሌቱ ይህን ይመስላል፦

• ዘይትና ፊልትሮ፣ በዓመት፦ 200 ዶላር
• የፍሬን ዘይት፣ 150 ለሁለት ዓመት፦ 75
• ጎማ፣ 1,200 ለአራት ዓመት፦ 300
• የፍሬን ሸራና ዲስክ፣ 1,500 ለአምስት ዓመት፦ 300
• የውሃ ፓምፕ፣ ቴርሞስታትና ውሃ፣ 1,200 ለአምስት ዓመት፦ 240
• ካንዴላ፣ ኮይልና ቺንጊያ፣ 800 ለአምስት ዓመት፦ 160
• ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታና ፓራኦሊ፣ 4,000 ለስምንት ዓመት፦ 500
• ያልታሰበ፦ ጣሪያ፣ የመስኮት ማንሻ፣ የእግር ላስቲኮች፣ ሴንሰር፦ 800

ድምሩ በዓመት 2,575 ዶላር፣ በወር 215 ገደማ ነው፤ ቤንዚን፣ ኢንሹራንስና ግብር ሳይጨመር። ቤንዚኑም ፕሪሚየም እንደሆነ አይርሱ። ይህን ገንዘብ መኪናው ቢበላሽም ባይበላሽም በየወሩ ለብቻው ወደተከፈተ ሂሳብ ያስገቡ። ደህና የሆነ ዓመት ትርፍ አይደለም፤ የሚቀጥለው ፍሪሲዮን ቁጠባ ነው።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ፦ ይህ መኪና መውደቅ ያለበትን ያህል ወድቋል። አዲስ መኪና የገዛ ሰው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በዋጋ መቀነስ ብቻ የሚያጣው ከዚህ የጥገና ወጪ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። በደብተርና በደረሰኝ የተያዘ ቦክስተር ከዓመታት በኋላ ከገዙት ዋጋ ብዙ ሳይርቅ ይሸጣል። «አገር ቤት እልከዋለሁ» የሚለው ሐሳብ ግን ከሂሳቡ ይውጣ፤ ኢትዮጵያ ከ2024 ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ከልክላለች።

ከመፈረምዎ በፊት በወረቀት ላይ ሦስት ቁጥሮች ይጻፉ፦ በየወሩ የሚያስቀምጡት ገንዘብ፣ በመጀመሪያው ቀን በእጅዎ ያለው መጠባበቂያ፣ በአንድ ብልሽት ከዚህ በላይ አልከፍልም የሚሉት ጣሪያ። ሦስተኛው ቁጥር ሞተሩ ደህና ሳለ መወሰን አለበት፤ መኪናው በካሮ አትሬዚ ተጭኖ ጋራዥ ከገባ በኋላ የሚወስነው ሂሳብዎ ሳይሆን ስሜትዎ ነው። ሞተሩ ሞቶ ጥገናው ከጣሪያው ካለፈ ለመለዋወጫ ይሽጡት፤ ጎማው፣ ካምቢዮው፣ በሮቹና ወንበሮቹ ሁሉ ገዢ አላቸው። ሦስቱንም ቁጥሮች ሳይጨነቁ ከሞሉ ይግዙት። አንዱን እንኳ መሙላት ካቃተዎት በበጋ ለአንድ ቅዳሜና እሁድ ክፍት መኪና ይከራዩ፤ ደስታውን ያገኛሉ፣ ደረሰኙም አንድ ብቻ ይሆናል።